የማላምንበትን ፀሎት ለእናቴ ብዬ ልቀጥል ወይስ እውነቱን ልንገራት?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዤዋለሁ፤ አራተኛው ይኸው።

እምነቴን ካጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ያስቀየመኝ የሃይማኖት አባት የለም። ያሳተኝ ጓደኛ ወይም ያነበብኩት መጽሐፍም አልነበረም። ከልጅነቴ ጀምሮ ሳልፀልይ ያደርኩበትን ሌሊት አላስታውስም። አንድ ሌሊት ግን እንደ ወትሮዬ ጨለማ ውስጥ ሆኜ እየፀለይኩ ሳለሁ የራሴን ድምፅ እያዳመጥኩ እንደሆነ ታወቀኝ። የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር መሀሉ ላይ ቆረጥኩት። ቀሪውን የሚጠብቅ ካለ ልይ ብዬ ነው፤ ስልክ ላይ እያወራን መስመሩ የተቋረጠ ሲመስለን ዝም ብለን እንደምናዳምጠው። ምንም የጎደለ ነገር አልነበረም። ሄጄ ተኛሁ። ክርክሮቹን ያነበብኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ቀብሩ ካለፈ በኋላ እንደሚደርስ ለቀስተኛ አንድ በአንድ መጡ፣ አጽናንተውኝም ሆነ አስለቅሰውኝ ግን አያውቁም።

አሁን እናቴ ታማለች፤ ሰባት ወሯ ነው። ድምፅዋ ቶሎ ስለሚደክም ማታ ማታ ፀሎቱን እኔ እንድልላት ትጠይቀኛለች። አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ እጇን እይዛለሁ። እኔ እናገራለሁ፤ እሷ አሜን በሚባልበት ቦታ ሁሉ በአውራ ጣቷ የእጄን ጀርባ ጫን ታደርገዋለች። ቆዳዋ ከመድኃኒቱ ይሁን ከዕድሜ ቀጭንና ደረቅ ሆኗል፤ ጣቷ ሲነሳ እንደ ወረቀት ሻካራ ነው። ስዘገይባት ሁለቴ ትጫናለች፤ መቀጠል አለብኝ ማለት ነው።

እየዋሸኋት ነው? ልንገራት ወይስ ዝም ልበል? ፈጣሪ መኖር አለመኖሩን እንድታስረዱኝ አልጠየቅኩም። እባካችሁ ማስረጃ አታምጡብኝ።

እስካሁን የመጡት መልሶች፣ በእኔው አፍ

ክሩ፣ ማለትም ይህ የመድረክ ውይይት፣ 27 መልስ ደርሷል። አዲስ የሚገባው ሁሉ ከላይ ያለውን ሳያነብ የተባለውን መልሶ ስለሚል በየቁጥሩ አሳጥሬ አስቀምጬዋለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለበጥኩም፤ አንዳንዱ ቢገለበጥ ለጸሐፊውም አያምርም። ግማሹ ወንድሜ፣ ግማሹ እህቴ ብሎኛል፤ ሁለቱንም ተቀብያለሁ።

ቁጥር 1 ከሁሉም ጨዋው ነው። ለእናቴ ምሕረት ከተመኘ በኋላ፣ መጠራጠር ከእምነት ጋር ጎን ለጎን የሚኖር እንጂ የእምነት ሞት እንዳልሆነ ጻፈ። ያነሳው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ያለውን የታመመውን ልጅ አባት ነው፤ ማመኑን ተናግሮ በዚያው ትንፋሽ አለማመኑ እንዲረዳለት የለመነውን። ታሪኩን ስሰማው ኖሬያለሁ። ሰውየው የመጣው ስለ ራሱ ነፍስ ሊጠይቅ ሳይሆን ቤቱ ስላለ በሽተኛ መሆኑን ግን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ቁጥር 1 ይህን አላለም፤ እኔ ነኝ ከሱ ጽሑፍ ላይ ያየሁት።

ቁጥር 2 አንድ መስመር ነው፤ ሃይማኖቴ የትኛው እንደሆነ ጠየቀ። ቁጥር 6 እና 13ም ያንኑ ጠይቀዋል። አልመለስኩም። ብመልስ ግማሹ ጥፋቱ ከሃይማኖቴ እንጂ ከእኔ አይደለም ብሎ ወደ ራሱ ሊጠራኝ፣ ግማሹ ደግሞ ሊከላከል ይነሳል፤ እናቴም እዚያው ትረሳለች።

ቁጥር 3 ማስረጃ አታምጡ ያልኩትን ያላየው ነው። አይቶትም ይሆናል፤ እጁ ግን አልታዘዘውም። ስለ ሰዓትና ስለ ሰዓት ሠሪው፣ ስለ ዓይን አፈጣጠር፣ ምክንያት ስለሌለው የመጀመሪያ ምክንያት የጻፈው በስልክ ሲያነቡት ጣት ያደክማል። ልፋቱን አከብራለሁ።

ቁጥር 4 ቁጥር 3ን ልገሥጽ ብሎ ገብቶ ራሱ ያንኑ ሠራ፤ በተቃራኒው በኩል። የጥንቱን የግሪክ ፈላስፋ ኤጲቆሮስን ጠቅሶ፣ ክፋትን ማስወገድ ፈልጎ ያልቻለ አምላክ ደካማ፣ ችሎ ያልፈለገ ደግሞ ጨካኝ ነው የሚለውን የታወቀ ክርክር አስቀመጠ። በላዩ ላይ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755 ሊዝበንን ያፈረሰውን የመሬት መንቀጥቀጥ ጨመረ። ዕለቱ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ስለነበር ብዙው ሰው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር፤ ከመንቀጥቀጡ የተረፈውን ማዕበሉና እሳቱ ተቀባበሉት። እውነት ነው፣ ልብ ይሰብራል። የእኔን ማታ ግን አይነካውም።

ቁጥር 5 እርማት ይዞ መጣ፤ ከዚህ ክር በጣም የወደድኩት እርማት ነው። ያ ክርክር ከኤጲቆሮስ በተረፉት ጽሑፎች ውስጥ አይገኝም። በእሱ ስም ያቆየልን ላክታንቲየስ የተባለ ክርስቲያን ጸሐፊ ነው፣ በ4ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ፣ ያውም መልስ ልስጥበት ብሎ ጠቅሶት። ሊያፈርሰው የተነሳው ሰው ነው እንግዲህ ለዛሬዎቹ ተጠራጣሪዎች ያደረሰላቸው። ቁጥር 4 ሳይቆጣ የአውራ ጣት ምልክት ሰጠው። ከዚያ በኋላ በዚህ ክር ሰው እርማት ተቀብሎ አላየሁም።

ቁጥር 7 ላይ ትንሽ ልቆይ። የሌሊት ተረኛ ነርስ ናት። በሥራዋ፣ እምነታቸው ከእሷ የተለየ ሕመምተኞች አብራቸው እንድትጸልይ ወይም እንድታነብላቸው ይጠይቋታል። የጻፈችው ስለ አንድ አዛውንት ነው። በማግስቱ ቀዶ ሕክምና ነበራቸው፤ መነጽራቸው ጠፍቶባቸዋል። ከትራሳቸው ሥር ጠርዙ የተበላ የጸሎት መጽሐፍ አውጥተው ሰጧት። ማንበብ ጀመረች። የማታውቃቸው ቃላት ስለበዙ ትሳሳታለች፤ እሳቸው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ ያርሟታል፣ ትደግመዋለች። አንዱን ቃል አራት ጊዜ አስደግመዋት ሁለቱም ሳቅ አመለጣቸው። ጠዋት አንሶላው ሲቀየር መነጽሩ ከእጥፋቱ ውስጥ ወደቀ። ያን ሌሊት ዋሸሁ ብላ አታውቅም፤ እሳቸው የፈለጉት የሚያውቁትን ቃል በሰው ድምፅ መስማት ነበር። ግን ሐቀኛ ናት። አዛውንቱ የእሷ እምነት ሌላ መሆኑን እያወቁ መጽሐፉን እንደሰጧት፣ የእኔ እናት ግን እንደማታውቅ ራሷ አነሳችው። ለዚያ መልስ እንደሌላት ጽፋ እዚያው አቆመች።

ቁጥር 8 ከሃዲ አለኝ፤ ግብዝም ጨመረልኝ። እናቴ የታመመችው እኔን ለማስጠንቀቅ ሊሆን እንደሚችል እንዳስብበት መከረኝ። ይህን ያነበብኩት እሷ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ስልኩን በግንባሩ ደፋሁት።

ቁጥር 9 ለቁጥር 8 መለሰለት፤ የመድረኩ አስተባባሪ የበዛውን ክፍል ስላነሳው ምን እንደነበር መናገር አልችልም። የተረፉት ቃለ አጋኖዎች ናቸው።

ቁጥር 10 ሳይጮህ ከቁጥር 9 የባሰ መታው። ሕመምተኛን የኃጢአት ሒሳብ ማስላት የኢዮብ ወዳጆች ሥራ መሆኑን አስታወሰ። ወዳጆቹ ምዕራፍ ሙሉ ስለ ፈጣሪ ፍትሕ ሲከራከሩለት ቆይተው፣ በመጨረሻው ምዕራፍ፣ በ42ኛው፣ የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው። እንደ ኢዮብ ቅን ነገር አልተናገሩም። እንግዲህ ከጠበቆቹ ይልቅ የከሰሰው ሰው ተሻለ። ቁጥር 10 ራሱ አማኝ ይሁን አይሁን አልገለጸም፤ ከአጻጻፉ የሚያምን ይመስለኛል።

እሳቱ እንዲህ እየነደደ ሳለ ቁጥር 11 የፊደል ስሕተቴን ሊያርም ገባ። ጸሎት የሚጻፈው በጸሎቱ ጸ እንጂ በፀሐዩ ፀ አይደለም፤ መነሻው ጸለየ ነው፤ ፊደሉ ራሱ በጸሎት ስም እየተጠራ እንዴት እንደሚሳሳቱት አይገባውም። ልክ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን አስተካክያለሁ፤ ርዕሱንና መነሻውን ግን መድረኩ ከታተመ በኋላ ማረም አይፈቅድም። ቁጥር 12 ሰው እናቱ ታማበት ፊደል የሚቆጥር ልብ ምን ዓይነት ልብ እንደሆነ ጠይቆ ተቆጣ። እኔ ደግሞ እውነቱን ለመናገር ከቁጥር 8 በኋላ ስለ ፊደል ማንበብ አሳርፎኝ ነበር።

ቁጥር 14 ያው ቁጥር 11 ነው፤ ለቁጥር 12 ሊመልስ ተመለሰ። በቃላት መጠንቀቅ ለሰው መጠንቀቅ ነው ብሎ ተነሳ፣ ቀጥሎም ቁጥር 8 የወረወረውን ቃል አንስቶ መረመረው። መካድ የሚያውቁትን ወይም ያለባቸውን አላውቅም፣ የለብኝም ማለት ነው፤ ተበዳሪ ዕዳውን ይክዳል። ፈልጌ አጣሁ ያለ ሰው ምኑን ካደ? ማመን ላይም ጥቂት ቆየ። አማርኛ ውስጥ አንዱ ቃል በሰው መተማመንንም፣ ጥፋትን መናዘዝንም ይሸከማል፤ ስለዚህ እኔ አለማመኔን እዚህ መጥቼ ማመኔ ነው። ይህን ሲጽፍ ትንሽ የተደሰተ ይመስላል፤ ይገባዋል።

ከዚያ ወደ ምርቃት ግሦች ዞረ። ይማርሽ፣ ያኑርልኝ፣ ይስጥልኝ ስንል አድራጊውን በስም አንጠራውም፤ ግሡ መነሻ ላይ ባለችው ይ ውስጥ ተደብቆ ያልፋል። አመሰግናለሁ ለማለት፣ በሽተኛ ለመጠየቅ፣ ሰላም ለማለት እንኳ እሱን ሳይጠራ የሚውል አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ ያምናል አያምንም ሳይባል። ቁጥር 14 ይህን እንደ ሰዋስው ነው ያቀረበው፤ ምንም ሊያስተምረኝ አልፈለገም። የቁጥር 3 ጽሑፍ ሁሉ ያላደረገውን ግን አደረገብኝ፤ ሁለት ቀን ሙሉ አፌን ስጠብቅ ዋልኩ። በር ለከፈተልኝ ሰው ይስጥልኝ አልኩና ራሴን ያዝኩት።

ቁጥር 15 ስለ ጤና ይስጥልኝ ሌላ ሐተታ ሲጀምር አስተባባሪው ራሱን የቻለ ክር እንዲከፈትለት አሳሰበ። ተከፍቷል፤ ከዚህኛው ይልቅ ሞቅ ያለ ነው አሉ።

ቁጥር 16 የእስልምናውን ሊቅ አል-ገዛሊን አመጣ። በባግዳድ ታላቁ መምህር ሆኖ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1095 እምነቱ ጠፍቶበት አንደበቱ ተይዞ፣ ሹመቱን ጥሎ እንደወጣ ተረከ። ቁጥር 17 ሁለት ነገር መቀላቀሉን በቁጣ ነገረው። ጥርጣሬው ከዚያ ቀደም ብሎ የመጣ ነው። ስሜት ሕዋሳቱንም አእምሮውንም ማመን አቅቶት ሁለት ወር ያህል ቆየ፤ የዳነውም፣ እንደ ራሱ አባባል፣ በተሰካካ ማስረጃ ሳይሆን ፈጣሪ ደረቱ ውስጥ በጣለው ብርሃን ነው። የ1095ቱ ጭንቅ ግን ስለ ፈጣሪ መኖር አልነበረም። የሚያስተምረው ለፈጣሪ ነው ወይስ ለዝና የሚለው ነበር። ስድስት ወር ያህል ሲዋልል ቆይቶ ትምህርቱ ላይ ምላሱ ተሳሰረ፤ ምግብም አልወርድ አለው። ቁጥር 16 ልዩነቱ ጥቃቅን ነው ብሎ አጣጣለው። ለእኔ ግን ጥቃቅን አይደለም። ያ ሁሉ ዕውቀት የነበረው ሰው በክርክር አልተመለሰም፤ ቁጥር 3 ይህን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል።

ወደ ጥያቄዬ የመለሱኝ ቁጥር 18 እና 19 ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም አይስማሙም።

ቁጥር 18 ለአባቷ ነግራቸዋለች። ተደላድላ፣ ቃላት መርጣ፣ ሻይ እየጠጡ። አባቷ እስከ መጨረሻው ሰምተው ብርጭቋቸውን ሰሐኑ ላይ በጣም ቀስ አድርገው እንዳስቀመጡት ታስታውሳለች፤ ድምፅ እንዳያሰማ። ከዚያ በኋላ ጉዳዩን አንስተውት አያውቁም፣ በዓመቱም አረፉ። እሷ ያን ዕለት ቀሏት ወጥታለች። የቀለላት ሸክም የት እንደሄደ ያሰበችው ዘግይታ ነው። ልንገራቸው ያለችው ለእሳቸው ሲባል ነው ወይስ ለራሷ? እስከ ዛሬ አልለየችውም።

ቁጥር 19 ደግሞ አሥራ አንድ ዓመት ደብቋል፤ ቁጥር 18ን ዕድለኛ አላት። ውሸቱ አንድ ቦታ አይቆምም። መጀመሪያ ከወላጆቹ ጋር አሜን ማለት ነበር፤ ቀጥሎ በእምነቷ የጸናች ሴት አገባ፤ ዛሬ ሰባት ዓመት የሆነው ልጁ ሰው ሲሞት ወዴት እንደሚሄድ ይጠይቀዋል፣ እሱም ያላመነበትን መልስ አሳምሮ ይመልሳል። ልጁ ስለሚያምነው ያመዋል። ቁጥር 18 በንግግሯ ጸጸት ቢኖርባትም ቢያንስ አባቷ የሚያውቋትን ልጃቸውን ቀብረው... ይህን እንዳነበበች በንዴት ተሳሳተህ አለችው፤ ቀባሪዋ እሷ እንጂ እሳቸው አይደሉም። አስተካከለው፤ ይቅርታ ግን አልጠየቀም።

ቁጥር 20 እ.ኤ.አ. በ2007 የታተሙትን የማዘር ቴሬዛን ደብዳቤዎች አነሳ፤ 50 ዓመት ገደማ በጸሎታቸው ውስጥ ጨለማና ዝምታ ብቻ ያገኙበትን። ቁጥር 21 እሳቸው እስከ መጨረሻው አማኝ ስለነበሩ ምሳሌው ለእኔ አይሆንም ብሎ ዳርዊንን ተካ። የዐሥር ዓመት ልጁን አኒን እ.ኤ.አ. በ1851 በሞት ያጣውን አባት፤ በ1879 በጻፈው ደብዳቤ ግን ፈጣሪ የለም ብሎ የካደ ሰው ሆኖ እንደማያውቅ፣ አግኖስቲክ፣ ማለትም መኖር አለመኖሩን አላውቅም ባይ፣ ቢባል የተሻለ እንደሚገልጸው የተናገረውን። ቃሉን ሐክስሊ ከፈጠረው ያኔ ገና ዐሥር ዓመቱ ነበር። ሁለቱም ተከራክረው ሲያበቁ፣ ሁለቱም የጠሯቸው ሰዎች ከሞት አልጋ አጠገብ የተቀመጡ መሆናቸውን ያስተዋለ አልነበረም።

ቁጥር 22 የፈረንሳዊውን ፈላስፋ የፓስካልን ውርርድ ይዞ ቀረበ፤ ፈጣሪ ካለ አተርፋለሁ፣ ከሌለ አልከስርም። ቁጥር 23 አትርፍ ባይ ሆኖ የሚመጣን ሰው የሚቀበል አምላክ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠይቆ አፌዘበት። ሁለቱም የዘለሉት ነገር አለ። ፓስካል፣ ማመን ለሚያቅተው ሰው የሚሰጠው ምክር አማኞቹ የሚያደርጉትን አድርግ፣ ልማዱ ይወስድሃል የሚል ነው። እኔ ሰባት ወር ሳላስበው የፓስካልን መድኃኒት ስወስድ ቆይቻለሁ፤ ማታ ማታ፣ አንድ ቀን ሳይዘለል። እስካሁን አልያዘልኝም።

ቁጥር 24 እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ አንቀጽ 18 ሃይማኖትን የመለወጥ ነፃነትንም እንደሚያካትት አስታውሶ፣ ወረቀቱ በሁሉም ቦታ ስለማይሠራ ማንነቴን እንድደብቅ መከረኝ። ምክሩ ጥሩ ነው፤ የተደበቅኩት ግን ከአንዲት ሴት ነው።

ቁጥር 25 ያው ቁጥር 8 ነው። ይቅርታ አልጠየቀም። ያለውንም አላነሳም። የእናቴን ስም ብቻ ጠየቀ፤ ሊጸልይላት። ከ27ቱ መልሶች ውስጥ ስሟን የጠየቀ ሌላ ሰው የለም፤ የሚያምኑትም፣ የሚራሩትም፣ የሚጠቅሱትም አልጠየቁም። አንድ ቀን ሙሉ ተናድጄ ዋልኩ። ማታ በግል መልእክት ላክሁለት። ደርሶኛል ብቻ አለ። ለምን እንደላክሁለት አትጠይቁኝ።

ቁጥር 26 በቁጥር 7 ታሪክ ላይ ተመርኩዞ መፍትሔ ያለውን አመጣ። ከራሴ አፍ ከምጸልይ ከመጽሐፍ ባነብላት፣ የሌላ ሰው ቃል ስለሆነ ውሸት አይሆንብኝም፤ እሷም የለመደችውን ትሰማለች። ብልህ ሐሳብ ነው።

ቁጥር 27 አንድ ቃል ነው፤ ከዚያስ ነው የሚለው።

ከዚያማ ትናንት ማታ ሞከርኩት። መጽሐፉን ይዤ ገባሁ፣ መብራቱን ወደ እኔ አዞርኩ፣ አንድ ገጽ ተኩል አነበብኩላት። ጣቷ አልተንቀሳቀሰም። ዓይኗን ሳትገልጥ መጽሐፉን እንዳስቀምጠው ነገረችኝ፤ እሱንማ እኔም በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ያንቺን የራስሽን ቃል ነው የምፈልገው አለች። (ይኸው፣ እህቴ ያላችሁኝ አሸንፋችኋል።)

ቁጥር 14 ትዝ አለኝ። አድራጊያቸው በይ ውስጥ ያልተደበቀባቸውን ግሦች መረጥኩ። እንቅልፍ ይውሰድሽ አልኳት። ሳሉ ይተውሽ። ሌሊቱ ይጠርልሽ። እንቅልፍ፣ ሳል፣ ሌሊት፤ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፣ አንዱም ውሸት የለውም። ጠበቀች። ጣቷ ሁለቴ ተጫነኝ።

ይማርሽ አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ነው የሰማሁት። አንዴ ጫን አደረገችኝና ወዲያው ተኛች፤ እጇን ግን አልለቀቀችኝም፣ መብራቱን ለማጥፋት በግራዬ ተንጠራራሁ። እዚያ ይ ውስጥ ማን እንደነበረ ቁጥር 14 የሚለው ካለው እየጠበቅኩ ነው።